ሜዳው ላይ ያልተገኘሁበት ጠዋት

ያለፈው ክረምት ሐምሌ ላይ ነው። ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው፤ እኔ ግን ዛሬም የግቢያችን በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የማደርገው ድምፄ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። "አቤት" እላለሁ። ድምፄ ሲወጣ ልቤ ይመለስልኛል። የደረሰብንን ለብዙ ሰው በቃል ተናግሬዋለሁ፤ ዛሬ ልጻፈው ያልኩት ክረምቱ እየገባ፣ በየቤቱም ከሰል እየተገዛ ስለሆነ ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት መሪ ጨብጬ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ ጅቡቲ፣ መተማ፣ ሞያሌ ስል ኖሬ ጡረታ ስወጣ ከባለቤቴ ከአስናቀች ጋር ሱሉልታ በሠራናት ቤት ገባን። ልጆቻችን አድገው የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። ቤታችን ከጎጃም መንገድ ገባ ብላ ነው ያለችው። የግቢውን ቆርቆሮ በር ከመኪና በተረፈ ቢጫ ቀለም ስለቀባሁት አስናቀች "መናኸሪያ አስመሰልከው" እያለች ትሥቅብኛለች።

ጡረታ እረፍት ነው ሲባል እሰማ ነበር። ለእኔ ግን በሽታ ይዞልኝ መጣ። ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። የመረመረችኝ ሐኪም ልጄ የምትሆን ናት። መድኃኒት ጻፈችልኝና "ይሄ ብቻውን አይበቃዎትም አባባ" አለችኝ። "ጠዋት ጠዋት በእግርዎ ይሂዱ። አስፋልት ዳር ግን አይሁን፤ እዚያ የሚስቡት የመኪና ጭስ ነው። ዛፍና ሳር ያለበት ቦታ ይሂዱ።"

ተናደድኩ። ለሰው መርፌ ይታዘዛል፣ ለእኔ ሳር ታዘዘልኝ። ቤት ገብቼ ለአስናቀች ስነግራት ከእኔ ብሳ ተናደደች፤ የእሷ ምክንያት ግን ሌላ ነበር። "በዚህ ውርጭ? ብርድ ሳንባህን መትቶ እንዲደፋህ ነው?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ስለ አስናቀችና ስለ ብርድ ትንሽ መናገር አለብኝ። ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ መስኮት ሲከፈት ግን "ዝጋው፣ ብርድ ይመታኛል" የሚል ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእኔ ሚስት የእነሱ አለቃ ናት። በጋ ክረምት መስኮት አታስከፍትም። ያስነጠሰ ሁሉ ነፋስ የመታው፣ የሞተ ሁሉ ብርድ የገደለው ይመስላታል። ሱሉልታ ደግሞ እንደምታውቁት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በትዳራችን ውስጥ ከገንዘብና ከልጆች ይልቅ በመስኮት ተጣልተናል ብል አልዋሸሁም።

የሆነው ሆኖ ሐኪሟን ፈርቼ ወጣሁ። ከሰፈራችን ጀርባ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ሰፊ ሜዳ አለ። ዳር ዳሩን ጽድና ባሕር ዛፍ ይዞታል። ጠዋት ጠዋት ሯጮች ይሠሩበታል፤ እነሱ ሽው ብለው ሲያልፉ እኛ በሽተኞቹ ዳሩን ይዘን እንጎተታለን። እኛ የምለው ሐኪም ያባረረንን ሰዎች ነው።

ከእነሱ መካከል ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። ኦቦ ገመቹ የዚያው አገር ተወላጅ ገበሬ ናቸው፤ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ትንሽ ተራምደው ዛፍ ሥር ይቀመጡና ላማቸውን እያጋጡ እኛን ይቆጣጠሩናል። ወይዘሮ ዘሃራ ደግሞ መንገድ ዳር ሱቅ ያላት፣ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ስኳር ያለባት ሴት ናት። ሱቋን ሳትከፍት በፊት ቀሚሷን ሰብስባ ሜዳውን ትዞራለች። ማንም የማንንም ስም አይጠይቅም ነበር። የምንጠራራው በየበሽታችን ነው።

"አከም ቡልተኒ፣ ግፊቱ መጣህ?" ይሉኛል ኦቦ ገመቹ።

"ደህና አደሩ፤ ወገብዎ እንዴት ነው?"

"እኔን ተወኝና ስኳሯን ድረስባት፤ ቀድማሃለች።"

እንዲህ እያልን ወራት አለፉ። እንቅልፌ ተመለሰ። ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። ሐኪሟ ግፊቴን ስትለካ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ደግማ ለካችኝ። እኔ ግን ከሁሉ የገረመኝ ቁጣዬ የት እንደገባ ነው። ሹፌር ብቸኛ ነው፤ ስንት ዓመት ከመስታወት ጋር ሳወራ ኖሬ ለካ የሰው ናፍቆትም ሲያመኝ ኖሯል። ዝናብ ሲጥል እንኳ ጥላ ይዤ እወጣ ጀመር።

ኦቦ ገመቹ አንድ ሕግ ነበራቸው። ነገ የማይመጣ ሰው ዛሬ ይናገራል። ሕጉ የመጣው ከእኔ በፊት አብሯቸው ይሄድ የነበረ አንድ ሰው ቀርቶባቸው፣ ሥራ ይዞት ነው ሲሉ፣ መሞቱን ቀብሩ ካለፈ በኋላ ስለሰሙ ነው። "አብሮ የሄደን ሰው ሳይቀብሩ መቅረት ነውር ነው" ይሉ ነበር፤ ይህን ሲናገሩ ቀና ብለው አያዩንም። ስለዚህ አዲስ አበባ ልጆቼን ልጠይቅ ስሄድ እንኳ አስቀድሜ አስፈቅዳለሁ። አስናቀች "ከመሥሪያ ቤትህ የባሰ አለቃ አገኘህ" ትለኝ ነበር።

በዚያ ሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ግቢው ነጭ ሆነ፤ መብራትም ጠፋ። አስናቀች ጉንፋን ይዟት ሰንብቶ ነበርና ብርዱ ሲጨምርባት ጊዜ ከሰል ልናያይዝ ተስማማን። ከሰል ጢሱ ክፉ መሆኑን እኛም እናውቃለን። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ታዛ ሥር አቀጣጠልነው፤ ጢሱ እስኪያልቅ ጠበቅን፤ ፍሙ ደም መስሎ ሲቀላ ምድጃውን መኝታ ቤት አስገባነው። ጢሱ ካለቀ ጉዳት የለውም ብለን ነው። እናቴም እንዲያ ታደርግ ነበር፣ የአስናቀችም እናት እንዲሁ።

አስናቀች የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፈችው፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች። "ትንሽ ክፍተት ተይ" አልኳት። ሳል ያዛት። እኔም ለመስኮት ብዬ የታመመች ሚስቴን አላስቀይምም አልኩና ተውኩት። ቤቱ ሞቀ። በዚያ ክረምት እንዲያ ሞቆን አያውቅም። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደን።

ስነቃ ነግቷል። በብርድ ልብሱ ጠርዝ ብርሃን ይገባል። ራሴ በካቦ ገመድ የተጠፈረ ያህል ተወጥሯል፤ ምላሴ ከብዶኛል። ልነሣ ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። እግሬም እንደዚያው። መጀመሪያ ያሰብኩት ግፊቴን ነው። ያቺ ሐኪም ያስፈራራችኝ ነገር መጣ፣ ሽባ ሆንኩ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም ብዬ አሰብኩ፤ ግን ገና ምኑም አልተጀመረም ነበር።

አንገቴን እንደምንም አዙሬ አስናቀችን አየኋት። አፏ ተከፍቷል። እየተነፈሰች ነው፤ ግን ትንፋሿ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ቆይቶ ደግሞ ይመጣል። "አስኑ" ልላት ፈለግሁ። ከአፌ የወጣው ድምፅ ለራሴም አልተሰማኝም። በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። ዓይኗን አልገለጠችም።

ያኔ ነው ዓይኔ ምድጃው ላይ ያረፈው። ፍሙ አመድ ሆኗል። ከዓመታት በፊት ደጋ አገር ላይ አንድ የሥራ ባልደረባችን ከረዳቱ ጋር የመኪናው ጋቢና ውስጥ ከሰል ይዘው ተኝተው በዚያው ቀሩ፤ ለቅሷቸው ላይ ቆሜያለሁ። እኛ ሹፌሮች "ጢሱ ሳያልቅ አስገብተውት ነው" ተባብለን ነበር። የእኛ ግን ጢሱ አልቆ ነበር። እንዲያም ሆኖ የያዘን እሱ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ክፍሉ ውስጥ ምንም አይሸትም፣ ምንም አይታይም፤ እኛ ግን እየሞትን ነው።

ከአልጋው ወደቅሁ ማለት ይሻላል እንጂ ወረድኩ አልልም። መሬቱ ላይ አስመለሰኝ። በደረቴ እየተሳብኩ ወደ በሩ ሄድኩ። ያቺ ክፍል ጠባብ ናት፤ ቀን ቀን ስንገባ እርስ በርስ እንጋጫለን። ያን ዕለት ግን መጨረሻ የላትም። በሩ ጋ ስደርስ መያዣው ከላይ ሆነብኝ። እጄን አነሣሁ፤ ወደቀች። ደግሜ አነሣኋት፤ ወደቀች። የተወተፈውን ጨርቅ በጥርሴ ለመጎተት ሞከርኩ፤ አልወጣልኝም። ከኋላዬ የአስናቀች ትንፋሽ ይመጣል፣ ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።

የግቢው በር የተንኳኳው ይሄኔ ነው።

"ጋሼ! ጋሼ አሉ?" የዘሃራ ድምፅ ነው። ቤታችን መጥታ አታውቅም። ህልም መሰለኝ።

ቀጥሎ ቆርቆሮው በበትር ተመታ፤ እሱ ደግሞ የኦቦ ገመቹ መሆን አለበት። "አለሁ" ልል አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። በሩን በጭንቅላቴ ለመምታት ሞከርኩ፤ ከእኔ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ጥሩነሽ ወጥታ ስታናግራቸው ይሰማኛል። "ማንን ፈልጋችሁ ነው?" አለቻቸው። ሲነግሯት "እንግዲህ አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሄደው ይሆናል፤ ከትናንት ጀምሮ ድምፃቸውን አልሰማሁም" አለች። ክፋት የላትም፤ የመሰላትን ነው የተናገረችው።

"እንግዲያው ነገ ይመጣሉ" አለች ዘሃራ።

ከዚያ እርምጃ ሰማሁ። እየራቀ የሚሄድ እርምጃ። ያን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። አምስት ሜትር የማይሞላ ቦታ ላይ ሰው አለ፣ ለእኔ ብሎ መጥቷል፣ እየሄደ ነው፤ እኔ ልጠራው አልችልም። አለቀስኩ መሰለኝ። "ጌታዬ፣ እኔን ተወኝ፣ እሷን ብቻ" አልኩ በልቤ። ከበስተኋላዬ ትንፋሿ ጠፍቶ ነበር፤ መመለሱን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን የሰማሁት፣ ግማሹን በኋላ የነገሩኝ ነው።

ኦቦ ገመቹ አልሄዱም ነበር። ያን የታመመ ወገባቸውን ይዘው ጭቃው ላይ ተንበርክከው በቆርቆሮው በር ሥር ወደ ግቢው አጮልቀዋል። ሱሉልታ ጭቃ ነው፤ ማንም ጫማውን ቤት ይዞ አይገባም። "ነይ ተመለሽ" አሏት ዘሃራን። "ጫማው እዚህ አለ። የሚስቱም አለ።"

"ሌላ ጫማ አይኖራቸውም?" አለች ወይዘሮ ጥሩነሽ።

"ይኖራቸዋል" አለች ዘሃራ። "ግን ለእኛ ሳይናገሩ አይሄዱም።"

የግቢው በር አልከፈት አላቸው። አጥሩ ከፍ ይላል። ኦቦ ገመቹ እዚያው አጥሩ ሥር አጎነበሱና ጀርባቸውን ሰጧት። ዘሃራን ከበዳት።

"አባቴ፣ እንዴት ብዬ ነው ጀርባዎን የምረግጠው? ያውም የታመመ ወገብ።"

"ማሎ፣ እባክሽ ውጪ። ኋላ ታስታምሚኛለሽ።"

ጫማዋን አውልቃ ወጣች። ማዶ ስትወድቅ ሰማኋት። ወዲያው የመኝታ ቤታችን መስኮት በብሎኬት ስባሪ ተመታና መስታወቱ ረገፈ። አንድ እጅ ገብቶ ብርድ ልብሱን በጥሶ ጣለው። ያ አስናቀች ዕድሜዋን ሙሉ የሸሸችው ብርድ ግልብጥ ብሎ ገባና ፊቴን መታኝ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

ቀጥሎ ሁሉም ነገር ጫጫታ ሆነ። ዘሃራ የግቢውን በር ከፈተች፤ የጎረቤት ወንዶች ተጠርተው የቤቱን በር ገነጠሉት። እኔን ጎትተው ታዛው ላይ አስተኙኝ። አስናቀችን በአንሶላ ይዘዋት ሲወጡ አንድ እጇ ተንጠልጥሎ መሬት ይነካ ነበር። ኦቦ ገመቹ "ያ ዋቃ፣ ያ ዋቃ" እያሉ አምላካቸውን ይጠራሉ። ሰዎች ስሟን እየጠሩ ጉንጯን ይመቷታል። አትመልስም። ዘሃራ የአስናቀችን ጭንቅላት ታፋዋ ላይ አድርጋ በሻርፗ ታራግብላታለች፤ ክንዷ በመስታወቱ ተቆርጦ ደሟ የአስናቀች ሹራብ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ የማን ደም እንደሆነ አላወቅሁም።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ሆስፒታል ወሰዱን። የሁለታችንም አፍንጫ ላይ ኦክስጅን ተደረገ። እኔ ቶሎ ተሻለኝ። እሷ ግን አልነቃ አለች። ሐኪሙ "የሚገድለው ነገር ጢሱ ብቻ አይደለም፤ ፍሙ ጢስ ሳይኖረውም የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ይተፋል" እያለ ሲያስረዳኝ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። "ትነቃለች ወይ?" ብዬ ስጠይቀው "እንጠብቅ" አለኝ። ይህን ቃል ሐኪም ሲናገረው የሰማ ሰው የእኔን ስሜት ያውቀዋል። ዘሃራ ክንዷን አሰፍታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሱቋን ያን ቀን አልከፈተችውም።

አመሻሹ ላይ የአስናቀች ጣት ተንቀሳቀሰ። ዓይኗን ገለጠች፤ ዙሪያዋን አየች፤ ከንፈሯን አላወሰች። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ያንን በር ዝጉት" አለች፤ "ብርድ ይገባል።"

ነርሷ ሣቀች። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አስናቀች ለረጅም ጊዜ ነገር ትረሳ ነበር፤ የልጆቿን ስም እንኳ ታምታታ ነበር። አሁን ደህና ናት። በኋላ እንደነገሩኝ እነ ዘሃራ ያን ጠዋት ስሜን ስለማያውቁ በየኪዮስኩ "ግፊት ያለበት፣ ቀላ ያለ፣ ሹፌር የነበረ ሰውዬ" እያሉ ሲጠይቁ ሰው እንደ እብድ አይቷቸዋል። የግቢያችንን በር ቀለም አንድ ቀን በወሬ መሃል ነግሬያቸው ስለነበር ቢጫ በር ሲፈልጉ ነው የደረሱት። አንዳንዴ ተኝቼ አስባለሁ። ያቺ ሐኪም ሳር ባታዝልኝ፣ ሰፈራችን ያ ሜዳ ባይኖረው፣ ያን ጠዋት መጉደሌን ማን ያውቅ ነበር? ጎረቤቶቻችን ደግ ናቸው፤ ግን ሁላችንም አጥር አለን። ሜዳው አጥር የለውም። ይህን ሳስብ የዳንኩት እኔ መሆኔን ረስቼ እንደገና እፈራለሁ።

አሁን አስናቀችም ከእኔ ጋር ትወጣለች፤ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ አንገቷን ጠምጥማ። "ብርዷ" ብለው ሰይመዋታል። ስሞቻችንን ብንተዋወቅም የበሽታ ስማችን አልለቀቀንም። ኦቦ ገመቹ ወገባቸው ከዚያ ቀን ወዲህ ብሶባቸዋል፤ ሲጠየቁ ግን የላሟ ጥፋት ነው ይላሉ። ሜዳው ጋ ስንቃረብ ሁልጊዜ ከሩቅ ሰዎቹን በዓይኔ እለቅማለሁ። አንድ ሰው ከጎደለ ደግሜ እቆጥራለሁ።

ባለፈው ሳምንት አስናቀች መንገድ ላይ ከአንዲት ወዳጇ ጋር ወሬ ይዛ ወደኋላ ቀረች። እኔ ቀድሜ ብቻዬን ደረስኩ። ጭጋጉ ከባድ ነበር። ሰላም ስላቸው ሁሉም ከኋላዬ ነው የሚያዩት።

"የታለች?" አለችኝ ዘሃራ።

"እየመጣች ነው፤ ከሰው ጋር ቆማ ነው" አልኳት።

አልሰማችኝም፤ ወይም አላመነችኝም። ቀሚሷን ሰብስባ በመጣሁበት መንገድ ጭጋጉ ውስጥ ገባች። ኦቦ ገመቹም ወገባቸውን ይዘው ተነሡና ላማቸውን ትተው ተከተሏት። አስናቀች ደህና መሆኗን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ፣ ከኋላቸው ሮጥኩ።